እማዬና የጧቱ ጥያቄ

ነርሷ «ለእናትሽ የት እንዳለች፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ደጋግመሽ ንገሪያት» ስትለኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። የእንጀራዬ ነገር አይደል! አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የምጣራው እኔ ነኝ። የትኛው አውቶቡስ የት እንደቆመ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ ማን ሻንጣውን ጥሎ እንደሄደ ስናገር እውላለሁ። እግሬ የማያርፍ፣ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ስለሆንኩ ሥራው ከአመሌ ጋር ገጥሟል። ትንሽ መዋሸትም አለበት። ሞተሩ ወልቆ መሬት ላይ የተዘረጋ አውቶቡስ «አሁን ይነሣል» ብዬ ስንት መንገደኛ አረጋግቻለሁ።

«ቀስ ብለሽ ግን» አለችኝ ነርሷ ድምፄን ስትሰማ። «እዚህ የተኙት መንገደኞች አይደሉም።»

ስም አላት፤ እኛ ግን ሲስተር መጋረጃ ነበር የምንላት። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ እጇ የሚሄደው ወደ መስኮቱ ነው። ጧት ጧት መጋረጃውን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ቀን ቀን መምሰል አለበት፣ ሌሊትም ሌሊት መምሰል አለበት ትላለች። ስትናገር ቆጣ ትላለች፣ እኔም ቆጣ እላለሁ፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ቶሎ የተግባባነው።

የሆነው ይሄ ነው። እማዬና አባዬ ዘመድ ሊጠይቁ አብረው የተሳፈሩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። አባዬ እዚያው ሞተ። እማዬ የጎን አጥንቶቿ ተሰብረው፣ ሳንባዋ ተጎድቶ፣ ራሷን ሳታውቅ እዚህ ገባች። እሷ በማሽን እየተነፈሰች እኛ አባዬን ቀበርነው። ከዚያ እማዬ ነቃች። ጉሮሮዋ ውስጥ የነበረው ቱቦ ወጣላት፣ በጎረነነ ድምፅ መናገር ጀመረች፣ ውኃ ጠየቀች፣ የእኔን ፀጉር አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ አበጥሪው» አለች። አባዬ መሞቱን ግን አታውቅም።

ሲስተር መጋረጃ መተላለፊያው ላይ አቁማ ነበር ያስረዳችን፤ እኔን፣ ወንድሜንና አጎቴን። እዚህ ክፍል የሚተኛ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ በቀላሉ ይቃዣል አለች። ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፣ ግድግዳው ላይ ሰው ይታየዋል፣ የገዛ ልጁን ሌባ ነህ ይለዋል። ክንዱ ላይ የተሰካለትን ነቅሎ ከአልጋ ሊወርድ ሲል ይወድቃል። አንዳንዱ ደግሞ ሕመሙ ድኖለትም አእምሮው እንደ ድሮው ሳይመለስ ይቀራል።

«መድኃኒት የለውም?» አለ ወንድሜ።

«የሚያስተኛ አለ። ማስተኛት ግን ማዳን አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያባብሰዋል። ሳይመጣ በፊት ነው መከላከል። እሱ ደግሞ በመርፌ አይሰጥም። መነጽሯን አምጡላት። ጆሮዋ እንደሚደክም ሰምቻለሁ፤ የመስሚያ መሣሪያዋን አምጡ። ቀን ወንበር ላይ እናስቀምጣታለን፣ ቆማ እንድትራመድ እናደርጋለን። ማታ መብራት እንቀንሳለን፣ ወሬ እንቀንሳለን፣ እንድትተኛ። እናንተ ደግሞ የምትነግሯት ነገር አጭርና እውነት ይሁን።»

እውነት ያለችው ቀኑንና ሰዓቱን መስሎኝ ነበር።

አጎቴ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ ገና እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ፍርድ ሰጥተው ነበር። «ይቺ ሴት አሁን መርዶ አትሸከምም። ትዳን፣ ቤቷ ትግባ፣ ከዚያ በወጉ ይነገራታል። እስከዚያ ዝም! ዝም አይነቅዝም።» እሺ አልን። እኔም ከልቤ ነው እሺ ያልኩት። አንድ ወላጅ የቀበረ ሰው ሁለተኛውን በአፉ አይገድልም።

ስለዚህ እኛ ሐዘንተኞቹ፣ ሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት እየገባን ጥቁራችንን እናወልቅ ጀመር። እኔ እማዬ የምትወደውን ቢጫ ሹራብ እለብሳለሁ፤ ጥቁሩን ጠቅልዬ ላስቲክ ውስጥ እከታለሁ። ወንድሜ በአረንጓዴ ሸሚዝ ብቅ ይላል። አጎቴ ጥቁር ኮታቸውን እንዳይታይ ገልብጠው ክንዳቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ገበሩ ቀይ ነው። መስተዋት ፊት ቆመን ፈገግታ እንለማመዳለን። የወንድሜ ፈገግታ ጥርሱን የሚያመው ሰው ያስመስለው ነበር። «ተወው፣ አትሳቅ» እለዋለሁ፣ «ባትስቅ ይሻላል።»

የቀረውን ሁሉ ግን ሲስተር እንዳለችው አደረግን። ዋናው መነጽር አደጋው ላይ ስለተሰበረ ከቁም ሣጥን ውስጥ አሮጌውን ፈልጌ፣ የላላ እግሩን በክር አስሬ አመጣሁ። ለመስሚያ መሣሪያው አዲስ ባትሪ ገዛሁ። እማዬ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ፊቷ በራ። «እንዲህ ነው እንጂ! እስካሁን ዓሣ ይመስል አፋችሁን ነበር የምታንቀሳቅሱት» አለች። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነርሶቹ አጨበጨቡላት። እኔ ደግሞ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አውጅ ነበር። እማዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። እማዬ፣ ያለሽው ሆስፒታል ነው፣ ሚኒባሱ ተገልብጦ ተጎድተሽ ነው። እማዬ፣ አሁን ከጧቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አራት ሰዓት ከሩብ።

«ኧረ በቃሽ» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ያምሻል እንዴ? ልጅ ወለድኩ እንጂ ሰዓት አልገዛሁ!»

ሐኪሙ ጧት ጧት እየመጣ ይጠይቃታል። ቀጭን፣ ጎንበስ ብሎ የሚናገር፣ ጨዋ ልጅ ነው። አእምሮዋ እንዳልተዛባ የሚያውቅበት መላ አለው። ቀኑን ይጠይቃል፣ ቦታውን ይጠይቃል፤ ፊደል እየጠራ «‹ሀ› ስል ብቻ እጄን ይጨብጡኝ» ይላል። ከዚያ ደግሞ የማይረባ የሚመስል ጥያቄ ያመጣል።

«እናቴ፣ ድንጋይ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል?»

እማዬ ዕድሜዋን በሙሉ አስተማሪ ነበረች። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። «የኔ ልጅ፣ አንተን ያስተማረህ ማነው?»

ሐኪሙ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። የእማዬ ጭንቅላት እንደ ድሮው ነው አልኩ። ዳንን!

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እማዬ ዓይኗን ከበሩ መንቀል አቃታት። ሰው በገባ ቁጥር ከትራሷ ቀና ትላለች፤ ማን እንደሆነ ስታይ ተመልሳ ትተኛለች። ቀጥሎ ጫማዋን መጠየቅ ጀመረች። «ጫማዬን አምጪልኝ፣ ታች ደርሼ ልመጣ።» ታች ምን አለ ስላት ዓይኗን ወደ በሩ ትመልሳለች። አንድ ጧት ስደርስ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሌሊት ጉሉኮሱን ነቅላ፣ በደም ተለውሳ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ነው የያዟት ተባልኩ። ነርሶቹ ሊመልሷት ሲሞክሩ «ልቀቁኝ፣ እየጠበቀኝ ነው» እያለች ታግላቸዋለች።

 እየጠበቀኝ ነው። ማነው የሚጠብቃት? ሲስተር ያለችው መጣ፤ ግድግዳ ላይ ሰው ማየት ጀመረች አልኩ።

ሐኪሙ ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖ ነው የነገረኝ። «ማሰር አልወድም፤ ማስተኛትም አልወድም። ግን እንደገና ከአልጋ ወርደው ቢወድቁ የተሰበረው አጥንት ሳንባቸውን ይወጋዋል። ዛሬም እንደዚህ ከሆኑ እጃቸውን ለስለስ ባለ ነገር እናስራለን፣ መድኃኒቱንም እንጀምራለን።»

«ከጀመራችሁ በኋላስ?»

«እንግዲህ... እናያለን።»

እናያለን ሲሉ አልወድም። መናኸሪያ ውስጥ እኛም አውቶቡሱ የት እንደገባ ሳናውቅ ሲቀር ነው እናያለን የምንለው። መተላለፊያውን ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩበት። መነጽር አመጣሁ፣ ጆሮ አመጣሁ፣ ቀን ቆጠርኩ፣ ሰዓት ጠራሁ፣ ምን ቀረኝ? የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። «እህቴ፣ ወይ እለፊ ወይ ቁሚ፣ ልወልውልበት» አለችኝ። አለፍኩ። ተመልሼም መጣሁ።

በማግስቱ ሐኪሙ ለጥያቄው ሲመጣ እኔ በእማዬ ራስጌ በኩል ቆሜ ትራሷን እያስተካከልኩ ነበር። ወንድሜ በሩ ጋ ነበር። እማዬ ቀኑን በትክክል ተናገረች። ሆስፒታል ነኝ አለች። «ሀ» ሲል ጨበጠች፣ «መ» ሲል አልጨበጠችም። ድንጋዩን አልጠየቃትም። ጉሉኮሱ የተነቀለበትን ክንድ ቀስ ብሎ ነካው።

«እናቴ፣ ሌሊት ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«ባለቤቴን ላየው ነዋ።»

«የት ነው ያሉት እሳቸው?»

«ታች፣ ወንዶች ክፍል። እግሩ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ነው።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ደግሞ ወለሉን አየሁ።

«ከአደጋው በኋላ አይተዋቸዋል?»

«አላየሁትም። እሱ ግን መጥቷል። ትናንት ጧት ተኝቼ ሳለሁ መጥቶ ግንባሬን ስሞኝ ሄዷል።» እጇ ወደ ግንባሯ ሄደ።

«እግራቸው ተሰብሮ?»

እማዬ ግራ ገባት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። «ማለቴ... አሁን ቤት ነው። ጉንፋን ይዞታል። ሳል ያለበት ሰው እዚህ አይገባም ተብሎ ነው የማይመጣው።» ከዚያ ራሷ የተናገረችውን የሰማች ይመስል ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቿ ከአሮጌው መነጽር በስተጀርባ ፈጠጡብኝ። «አይደለም እንዴ? የቱ ነው? ያልኩት ልክ አይደለም?»

ሐኪሙ ትከሻዋን ዳበስ አደረጋትና ወጣ። ደጅ ጠብቆኝ ነበር። «ይኸው እንግዲህ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በአንድ ሰው ላይ ሦስት የተለያየ ታሪክ። ያውም በሕይወት በሌሉ ሰው ላይ። ሐሳባቸው መያያዝ አቁሟል። ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱን እንጀምራለን።»

  ወንዶች ክፍል ያሏት አጎቴ ናቸው፤ ገና እንደነቃች እኔው ፊት ነግረዋት፣ አልሰማችም ብዬ ትቼው ነበር። ጉንፋን ያልኳት እኔ ነኝ። አስቤበት፣ ተጠንቅቄ፣ እንደ ትልቅ ብልሃት ቆጥሬው ነው ያልኩት። ግንባርሽን ስሞሽ ሄደ ያላት ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«አንተ ነህ?»

«ስነግራት ደስ አላት» አለ በእጆቹ መሃል። «እንደዚያ ደስ ሲላት አይቻት አላውቅም።»

እንግዲህ እማዬ አልቃዠችም። እኛ ያስጠናናትን ነው ያነበነበችው። የሰጠናትን ሦስት አባዬ ይዛ አንድ ለማድረግ ስትሞክር ነው ጭንቅላቷ የዞረው። ታች የሚጠብቃት ሰው አለ ካልናት፣ ጉሉኮሱን ነቅላ ብትሄድ ምን ይገርማል? እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ያም አልበቃ ብሎኝ የመስሚያውን ባትሪ ገዝቼ፣ ውሸታችንን ጥርት አድርጋ እንድትሰማ አደረግኳት። በራሴ ተናደድኩ፣ ደሜ ፈላ፤ የምመታው ነገር አጥቼ መዳፌን በመዳፌ መታሁት።

አጎቴ በደረጃው እየመጡ ነበር፤ ኮታቸው ክንዳቸው ላይ፣ ቀዩ ገበር ወደ ውጭ። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

«ጋሼ፣ ዛሬ እነግራታለሁ።»

ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «አብደሻል? በቁሟ ልትገድያት ነው?»

«ሦስታችንም የተለያየ ነገር ነግረናታል። ሐኪሙ ቃዠች ብሎ ሊያስራት ነው። እርስዎ ወንዶች ክፍል አሏት፣ እኔ ቤት አልኳት፣ ይሄኛው ደግሞ ሳመሽ አላት።»

«ታዲያ አንድ ላይ ተነጋግረን አንዱን እንያዝ! ጉንፋኑን እንያዝ።»

ወይ ጉድ! ለአፍታ እኔም አሰብኩበት፤ እውነቴን ነው። ጉንፋኑ ይሻላል ወይስ እግሩ ብዬ ማወዳደር ጀምሬ ነበር። ከዚያ የእማዬ ዓይን ትዝ አለኝ፣ «የቱ ነው?» ያለችበት ዓይን። ልጆቿ ስለዋሿት የገዛ አእምሮዋን መጠራጠር የጀመረች ሴት ነበረች።

«አይሆንም ጋሼ።»

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ኋላ ብትጸጸቺ አይመለስም» አሉኝ ጣታቸውን ቀስረው።

የእሳቸው ራስ እንደ ብርጭቆ ያበራል። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ዓይኔ ወደዚያው ሄደ፤ ወንድሜም አየኝ፣ ሳቅ አፈነን። ሳቃችን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ወንድሜ ትከሻዬ ላይ ወድቆ ይንሰቀሰቅ ጀመር። አጎቴ የሚጠሉን አይደሉም፤ እህታቸውን ማጣት ፈርተው ነው። ከዚያ ኮታቸውን ገለበጡና በጥቁሩ በኩል ለበሱት። 

ለሲስተር መጋረጃ ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። «እናትሽ ስለ እሱ ስትጠይቀኝ ‹ልጆችዎን ይጠይቁ› እያልኩ ነው ያመለጥኩት» አለች። «መዋሸት አልፈለግሁም፣ እናንተንም መቅደም አልፈለግሁም። ለሷ ግን እንደ ውሸት ሳይሆንባት አልቀረም።» ከዚያ ሐኪሙን ጠርታ ነገረችው።  «ሲነገራቸው እኔም ቅርብ እሆናለሁ» አለ። «መድኃኒቱ ይቆይ።»

«አሁን ግን አይደለም» አለች ሲስተር። «ትንሽ ታርፍ። ቀትር ላይ ወንበሯ ላይ ስናስቀምጣት፣ መነጽሯንም መስሚያዋንም አድርጋ፣ በብርሃን። አጭር አድርጊው። አትዙሪ።»

እስከዚያ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደገፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ወረድኩ፣ ወጣሁ። ሻይ አዝዤ ሳልጠጣ ተነሣሁ። ቢጫውን ሹራብ አወለቅኩ፤ ጥቁሩን ልልበስ፣ አልልበስ? ለበስኩት። ሄጄ እግሬ አውጪኝ ብል ደስ ባለኝ። አንዱን አውቶቡስ ይዤ የማላውቀው አገር ብወርድ!

እማዬ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ። ፀሐይ እግሯ ሥር ደርሷል። ስገባ መጀመሪያ ልብሴን አየች።  ፊት ለፊቷ ተንበረከክኩ። ወንድሜ ከኋላዬ ቆመ።

ልጀምር ስል ቀደመችኝ።

«ቆይ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ቤት ነው ብለሽኛል አይደል?»

«ብዬሻለሁ።»

«እስቲ አባቴ ይሙት በይ።»

እኛ ቤት የሚማለው በአባዬ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ለተሰበረ ብርጭቆም፣ ለጠፋ እስክሪብቶም «አባዬ ይሙት» ካልን ነገሩ ያልቃል፤ ማንም አይጨቃጨቅም፣ ምክንያቱም በእሱ በሐሰት የሚምል ልጅ አልነበረም። እሱ ራሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጋዜጣውን ሳያወርድ «ኧረ እኔን ተዉኝ፣ ሌላ ሰው ግደሉ!» ይለን ነበር። አሁን እማዬ አፌን እያየች ትጠብቃለች።

 እጇን ያዝኩ። ሲስተር አትዙሪ ብላኛለች።

«እማዬ፣ አባዬ ሞቷል። የዚያኑ ቀን፣ ሚኒባሱ ሲገለበጥ። አልቆየም፣ አልተሠቃየም። አንቺ ራስሽን ስተሽ ነበር። ቀብረነዋል። የዋሸንሽ እኛ ነን፤ ሦስታችንም ዋሽተንሻል። አንቺ ምንም አልተሳሳትሽም። አእምሮሽ ደህና ነው።»

 እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ከተሰበረው ጎኗ ሥር ነው የወጣው። ሞኒተሩ መጮህ ጀመረ። ሐኪሙ በሁለት እርምጃ ደረሰ፣ የልቧን ምት አየ፣ የሚያስተኛውን ሊሰጣት እጁ ወደ ጉሉኮሱ ሄደ። ሲስተር መጋረጃ የማሽኑን ጩኸት አጠፋችና አጠገቡ ቆመች። «ዶክተር፣ ይሄ መቃዠት አይደለም። ባሏ ሞቶባት ነው።» ሐኪሙ እጁን መለሰ፤ ግን አልሄደም፣ ዓይኑን ከሞኒተሩ ሳይነቅል ቆመ። እማዬ ስታለቅስ ሲስተር ጎኗን በትራስ ደግፋ ያዘችላት፣ ሲያማት እንዲቀልላት። በሩ ላይ አጎቴ ቆመው ነበር፤ ግንባራቸውን መቃኑ ላይ አስደግፈው።

ትንፋሿ ረገብ ሲል እማዬ ዓይኗን ከፈተች። «ግንባሬን የሳመኝስ?» አለች።

 ወንድሜ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ተኝተሽ ሳለሽ እኔ ነኝ የሳምኩሽ። ስትነቂ እሱ ነው አልኩሽ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንገቱን ስባ ደረቷ ላይ አደረገችው።

ቀሪው ቀን ከባድ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የቀረበላትን ሾርባ አልነካችም። ስናገራት ራሷን ብቻ ታነቃንቃለች። አጎቴ አንድም ጊዜ «ይኸው ገደልሻት» አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ምናልባት እውነታቸውን ይሆን? ምናልባት ከሚሰበር ልብ የሚዞር ጭንቅላት ይሻል ነበር? ማታ ሲያሰናብቱን ሲስተር መብራቱን ከመቀነሷ በፊት የእማዬን እጆች አንድ በአንድ አንሥታ አልጋው ላይ ፈታ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። አልታሰሩም። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ጧት ከሁሉም ቀድሜ ነው የደረስኩት። ከአልጋ ልትወርድ ሞክራ ይሆን ብዬ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። ጉሉኮሱ በቦታው ነው። ተረኛዋ ነርስ ስታለቅስ ስታለቅስ ወደ ንጋቱ ተኛች አለችኝ፤ ያለ ምንም መድኃኒት። ጫማም አልጠየቀችም።

ሐኪሙ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሌላ ጊዜ ቆሞ ነው የሚጠይቃት። ቀኑን ጠየቃት፣ ነገረችው። ቦታውን ጠየቃት፣ ነገረችው። ከዚያ ቆመበት፤ ቀጣዩን ጥያቄ ሊጠይቅ አፉ እንዳልቻለ አየሁ። እማዬም አየች። አስተማሪ ነበረች አላልኳችሁም? የተጨነቀ ተማሪ ታውቃለች።

«ጠይቀኝ እንጂ፣ ልጄ» አለችው።

«እናቴ... ባለቤትዎ የት ናቸው?»

«ባለቤቴ ሞቷል» አለች እማዬ። ድምፅዋ ጎርንኗል፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ልጆቼ ቀብረውታል። እኔ አልነበርኩም።»

ሐኪሙ ራሱን ዝቅ አደረገ። ልክ ነው ማለቱ ነበር፤ ልክ ነው ለማለት ግን ቃል አላወጣም። አእምሮዋ ምሉዕ ነበር፣ ጥርት ያለ ነበር፤ አንዲትም የጎደለች ነገር የለችም። ይቺን መልስ ነበር እንግዲህ ስጠብቅ የከረምኩት። ቀንና ሰዓት ስጠራ፣ ባትሪ ስገዛ፣ መተላለፊያ ላይ ስንቆራጠጥ የከረምኩት ለዚህች መልስ ነበር። ሰማኋት፤ አባቴ የሞተውም ያን ጊዜ ሆነብኝ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ አልቅሰሽለታል?»

አላለቀስኩም ነበር። በቀብሩ ላይ ከሆስፒታል ይደውሉልኛል ብዬ ስልኬን ስመለከት ነበር። ከዚያ በኋላም ማን ጊዜ ሰጥቶኝ! ጠዋት ሐዘኔን ላስቲክ ውስጥ ስከት፣ ማታ ስፈታ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ከብርድ ልብሱ ሥር ነፃ እጇን አውጥታ ዘረጋችልኝ። ጠጋ ብዬ ጭንቅላቴን ጎኗን በማይነካበት በኩል አልጋዋ ላይ ጣልኩና አለቀስኩ፤ ሰው ሰማ አልሰማ አላልኩም። እማዬ ፀጉሬን እየዳበሰች አብራኝ ታለቅሳለች።

«አሁን ገና መጣሽልኝ» አለችኝ።